ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጉብኝት፣ ክበባትና ቤተ መጻሕፍት የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቼ በተማሩበት ትምህርት ቤት ደግሞ እንደ ወላጅ ተመርጬ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄው በሁለት በር ይመጣብኛል። መስከረም በገባ ቁጥር ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ እንኳ አንዷ እናት አጠገቤ ቁጢጥ ብላ «የመዋጮው ነገር እንዴት ነው?» ትለኛለች። ከታች ያሉት እንዲህ ሲደጋገሙ የቆዩ ጥያቄዎች ናቸው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ስላለው የኔን መልስ ከእናንተው ደንብ ጋር አስተያዩት። የራሴ አስተያየት ብቻ የሆነውን እዚያው እናገራለሁ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻ ነው ይባላል። ታዲያ በየዓመቱ ገንዘብ የምንጠየቀው ለምንድን ነው?

ነጻ የሆነው ማስተማሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አድርጎ ነበር፤ ዛሬም የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማሩ ዋጋ አይጠይቅም። የመምህራን ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይወጣል፤ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማም አለ። ድጎማው ግን ለጠመኔ፣ ለወረቀትና ለተሰበረ ወንበር ሲባል ያልቃል። አጥር ሲፈርስ፣ የመጸዳጃ ቤት ውሃ ሲቋረጥ፣ ተጨማሪ ጥበቃ ሲያስፈልግ ትምህርት ቤቱ ፊቱን ወደ ወላጅ ያዞራል። መዋጮ የሚባለው ይህ ነው።

መዋጮ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ተመክሮበት፣ ወላጅ እሺ ብሎ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። እሺ መባሉ የሚታወቀው በቃለ ጉባኤ ነው። አንድ ዓመት ላይ የመዋጮው መጠን ተወስኖ ኖሮ ስብሰባ ላይ ተነገረን። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ በኩል አንድ ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «የወሰንንበት ቃለ ጉባኤ ይነበብልን» አሉ። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ገጹ ግን ባዶ ነበር። የዚያን ዕለት እንዳፈርኩ አፍሬ አላውቅም። ስብሰባው በሳምንቱ እንደገና ተጠራ፤ ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል በዝርዝር ቀረበ፤ መጠኑም ቀነሰ። ስለዚህ መዋጮ ስትጠየቁ መጀመሪያ ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ። መጠየቁ ነውር የለውም።

መዋጮውን ካልከፈልኩ ልጄ እንደማይመዘገብ ተነገረኝ። ይህ ይቻላል?

አይቻልም። በፈቃድ የሚሰጥ ገንዘብ የምዝገባ መስፈርት ሊሆን አይገባውም። መጀመሪያ ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ፤ ካልሆነ ወደ ኅብረቱ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ሂዱ። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቅጂውንም እጃችሁ ላይ አስቀሩ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከበሩ ሳይወጣ ይረሳል።

ገንዘቡን የምሰጠው ለማን ነው? ደረሰኙስ ምን ይመስላል?

ለገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ወይም ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም በከፈተው የባንክ ሒሳብ አስገቡ። ለክፍል ኃላፊ መምህር አትስጡ። ይህን የምለው መምህሩን ጠርጥሬ አይደለም። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የሃምሳና የመቶ ብር ኖት ስትሰበስብ የዋለች መምህርት ማታ ሒሳቡ ቢጎድልባት ከደመወዟ ነው የምትሞላው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኙ ሞዴል 64 ነው። ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ነው፤ በካርቦን ይጻፋል፤ ዋናው ለከፋዩ ተቀዶ ቅጂው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ የተፈረመ ነገር ደረሰኝ አይባልም። የልጁን ስምና ክፍል እዩ፤ በፊደል የተጻፈው ብር ከአኃዙ ጋር መስማማቱንም አረጋግጡ። ከሁሉ በላይ «ስለ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተጻፈውን አንብቡ። «ልዩ ልዩ» ተብሎ ከተጻፈ መልሱላቸው።

ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ የምትሰጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ መጽሐፍ ወይም ሲሚንቶ፣ ንብረት ክፍሉ የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ በሆነው በሞዴል 19 ይረከባችኋል። ያለ ሞዴል 19 የገባ ዕቃ ሲወጣም የሚያየው የለም።

በልጄ እጅ ብልከውስ?

አትላኩ። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፤ የገንዘብ ጉዳይ የአዋቂዎች ጉዳይ ነው፤ ልጅ መሃል መግባት የለበትም። ልጅ ገንዘብ መጣሉ ትንሹ ጣጣ ነው። ገንዘብ እንዲያደርስ የለመደ ልጅ፣ ገንዘብ ባልተገኘ ቀን ደግሞ ማጣታችንን ተሸክሞ ይሄዳል።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ያልከፈሉ ልጆች ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ስሟ ሲጠራ ጮክ ብላ «አቤት!» አለች። የሚጠራው የመገኘት ስም መስሏት ነበር። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በተጠራሁበት ስብሰባ ሁሉ ይህንኑ ሳላነሣ አልቀረሁም፤ ያልከፈለውን ወላጅ ደውላችሁ ንገሩት፤ ካልሆነም በታሸገ ፖስታ ላኩለት። በስልክ ባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል ከተለመደ ወዲህ ነገሩ ቀሏል፤ በምክንያቱ ቦታ የልጁን ሙሉ ስምና ክፍል መጻፍ ብቻ አትርሱ።

የግል ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ ምን ምን እንጠይቅ?

ወርኃዊ ክፍያውን ሳትጠይቁም ይነግሯችኋል። እናንተ የቀረውን ጠይቁ፤ የመመዝገቢያው ስንት ነው? መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀት፣ የኮምፒውተር ክፍልና ሰርቪስ በወርኃዊው ውስጥ ናቸው ወይስ ለየብቻቸው ይከፈላሉ? ትምህርቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ የሚከፈለው የ10 ወር ነው ወይስ ክረምቱም ይጨመራል? የወንድምና የእህት ቅናሽ አለ? አባትየው ሥራ ተቀይሮ በዓመቱ መሃል ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቢዛወር የተከፈለው ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጭማሪ የሚመጣ ከሆነ ልጆቹ ለክረምት ከመበተናቸው በፊት ሊነገራችሁ ይገባል። ነሐሴ ላይ የሚነገር ጭማሪ ምክክር አይባልም፤ ያኔ ሌላው ትምህርት ቤት ምዝገባውን ዘግቷል። ስለ መክፈያው ቀንም ተነጋገሩ። ኮምቦልቻ ከድሮ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ወላጁ ደመወዝ የሚቀበለው በወሩ መጨረሻ ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤቱ በ25 ቀን ክፈሉ ቢል ወላጁ በየወሩ ቅጣት ሲከፍል ሊኖር ነው። ይህን ለኅብረቱ አንሥተው ቀኑን ያስለወጡ ወላጆች አውቃለሁ፤ ነገሩ ያለቀው በግማሽ ሰዓት ስብሰባ ነበር።

ክፍያ ሲዘገይብኝ ልጄን ከክፍል አስወጡት።

ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው፤ መምህራኑም ደመወዝ ይጠብቃሉ። ልጁን ማስወጣት ግን ዕዳውን ባልተበደረው ሰው ላይ መጣል ነው ባይ ነኝ። እናንተም በበኩላችሁ አትደበቁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስትደውል ስልክ አለማንሣት ነገሩን ያከርረዋል። ሄዳችሁ «በዚህ ቀን ይህን ያህል፣ በዚያ ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብላችሁ ፈርሙ። አብዛኛው ሰው ያንን ወረቀት ሲያይ ይለዝባል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ካርድና መሸኛ የሚይዙ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ስለዚህ ልጁን ልታዛውሩ ካሰባችሁ ሒሳቡን ቀደም ብላችሁ ዝጉ።

የደንብ ልብስ ከአንድ ሱቅ ብቻ ግዙ ተባልን።

ቀለሙንና ቅዱን ትምህርት ቤቱ ይወስናል፤ የት እንደሚሰፋ ግን እናንተ ብትመርጡ ደስ ይለኛል። ጨርቁን ገዝቶ ለሰፈር ልብስ ሰፊ መስጠት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። እጅጌውንና ሱሪውን አስረዝሞ አጥፎ እንዲሰፋው ንገሩት፤ ልጅ በአንድ ክረምት ነው የሚመዘዘው።

ልጆቹን ለጉብኝት የት ይወስዷቸዋል? በአካባቢያችን የሚታይ ምን አለ?

የሚታየውማ ሞልቷል፤ ያነሰው ማቀዱ ነው። ደሴ ያለ ልጅ መኪና ሳይሳፈር በእግሩ ሄዶ አይጠየፍን ማየት ይችላል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ማንንም የማይጠየፍ፣ ሁሉን የሚያበላ ለማለት ነው ስሙ። ልጆች ሲገቡ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ሰው ይበላ ነበር?» መምህሩ መልስ ከመስጠት ይልቅ አዳራሹን በእርምጃ ለክተው ራሳቸው እንዲገምቱ ቢያደርግ የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ሆነ ማለት ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየምም አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስለተዘረፈ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ክፍት መሆኑንና የሚታይ ምን እንዳለው ሄዳችሁ አረጋግጡ።

በመኪና ከሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚደረገው ጉዞ ራሱ ትምህርት ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ወደ 600 ሜትር ይወረዳል፤ ደሴ ላይ ሹራብ የደረበ ልጅ ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ ወገቡ ላይ ያስራል። ጂኦግራፊ መምህሩ ስለ ወይና ደጋና ደጋ ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? በመሃል ያለው ሐረጎ ግን መጠምዘዣው ብዙ ነው። ጠዋት ወተት ጠጥቶ የወጣ ልጅ ሐረጎን ሳይጨርስ ይመልሰዋል። ደረቅ ዳቦ አብሉት፤ አንድ ሎሚና ሁለት ፌስታል ኪሱ ውስጥ ክተቱለት።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርት ማዕከል የነበረ ነው፤ የጥንት የብራና መጻሕፍት አሉት። ነገር ግን ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። ይህን ሳያስቡ ወንዱንም ሴቱንም ጭነው ሄደው፣ ወንዶቹ ሲጎበኙ ሴቶቹ ልጆች ዳር ላይ ግማሽ ቀን ሲጠብቁ የዋሉበትን ጉብኝት አውቃለሁ። የከፈሉት ገንዘብ ግን እኩል ነበር። ወይ ሁሉም የሚያየው ይታቀድ፤ ለምሳሌ ሐይቁ ራሱ፣ ጀልባው፣ የዓሣ ማስገሩ ሥራ፣ ወፎቹ። ወይም ደግሞ ሴቶቹ ምን እንደሚያዩ አስቀድሞ ይታወቅ። ዋና ለማንም አይፈቀድም፤ ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ ለሚለውም ጭምር።

ታሪክ ለሚማሩ ትልልቆቹ ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበት ጉባኤ የተደረገበት ሜዳ ነው። ቦታው ላይ የሚታይ ብዙ ነገር ስለሌለ መምህሩ አንብቦ ተዘጋጅቶ መሄድ አለበት፤ ያለዚያ ልጆቹ ሣር አይተው ይመለሳሉ።

የጉብኝት ምሳ እንዴት ይሁን? የኛ ልጆች ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው።

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ከባድ አይደለም፤ አያቶቻችን ፈትተውታል። ሥጋ አይቅረብ፤ አለቀ። ሽሮ፣ ድንች፣ ምስር፣ ጎመን በዘይት ከተሠራ ሁሉም አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል፤ የሚጾም ክርስቲያንም አይቸገርም። ቀኑን ከረመዳን ጋር እንዳይገጥም አድርጉ፤ ዓርብ ከሆነም ለጁምዓ ሰዓት ይተውለት። ከሆቴል ከመግዛት ይልቅ ልጆቹ ከየቤታቸው ምሳ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ ማድረግ ወጪውንም ይቀንሳል።

የፈቃድ ቅጽ ስንፈርም ምን ብለን እንፈርማለን?

የምትፈርሙት ልጃችሁ እንዲሄድ መፍቀዳችሁን ነው። ፈረማችሁ ማለት ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነታቸው ቀረ ማለት አይደለም። ቅጹ ላይ የሚሄዱበት ቦታ፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ አብረው የሚሄዱ መምህራን ስምና ስልክ ይኑር። ልጃችሁ አስም ወይም ሌላ ሕመም ካለበት እዚያው ጻፉ፤ «ይታወቃል» ብላችሁ አትለፉት። ጠዋት ስታደርሱት መኪናውን በዓይናችሁ እዩ። ለ12 ሰው በተሠራ ሚኒባስ 20 ልጅ ከታጨቀ፣ ወይም የጭነት አይሱዙ ከመጣ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ጉም ከመውረዱና ከመጨለሙ በፊት መመለስ ግዴታ ይሁን። መንገዱ ሰላም መሆኑ ካጠራጠረም ከከተማ አለመውጣት ነው፤ አይጠየፍ የትም አይሄድም።

ለጉብኝቱ መክፈል ካልቻልኩስ?

ጉብኝት ፈተና አይደለም፤ ልጁ ባለመሄዱ ማርክ ሊቀነስበት አይገባም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጁን የሚያመው ማርኩ አይደለም። አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶቡስ ቆሞ ስም እየተጠራ ልጆቹ ይሳፈራሉ። አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ ተራ ይዟል። ሁሉም ተጠርተው አለቁ፤ የሱ ስም የለም። እናቱ አልከፈለችም፤ እሱ ግን ቆሎና ድፎ አስቋጥሮ መጥቷል፤ ምናልባት ስሙ በስሕተት ይጠራል ብሎ። አጠገቤ የነበረች የጽዳት ሠራተኛ «ያንን ልጅ አሳፍሩት!» ብላ ተቆጣች። ተሳፈረ። ቦታ ነበር፤ ቀድሞም ቦታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኛ ያደረግነው ይህን ነው። የአውቶቡሱ ዋጋ ሲሰላ ከመጀመሪያው ለጥቂት ልጆች ወንበር ታስቦ ይካፈላል፤ እነማን እንደሆኑ የሚያውቁት ርእሰ መምህሩና አንድ የኅብረቱ አባል ብቻ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸውም አያውቁም። ወላጅ ይህን ለመጠየቅ መጨነቅ የለበትም፤ አንድ ቃል ለርእሰ መምህሩ መናገር ይበቃል።

ክበባት ምን ይጠቅማሉ? ትምህርቱን አያስተጓጉሉም?

ሚኒ ሚዲያ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ምግባር፤ ስማቸው በሁሉም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የሚሠሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ክበቡ የሚኖረው መምህሩ ሲወደው ነው። ልጃችሁ የገባበት ክበብ በወር ስንት ጊዜ እንደተገናኘ ጠይቁት፤ መልሱን ከሱ ታገኛላችሁ። እረፍት ላይ ዜና የሚያነብ ልጅ ሲያፍር ሲያፍር ድምፁ እየጠነከረ ሲሄድ አይቻለሁና ሚኒ ሚዲያን በግሌ አደንቃለሁ።  የእግር ኳስ ማልያ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ታጥቦ ይመለሳል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ክበባትም በዚሁ ይታያሉ። ቅዳሜና እሑድ ላይ መድረሳና ሰንበት ትምህርት ቤት ስላሉ ክበቡ በሥራ ቀን ይሁን፤ ለሴቶች ልጆች ደግሞ ሳይመሽ ይለቀቅ።

የሙዚቃ ክበብ ለማቋቋም መሣሪያ ውድ ነው ይሉናል።

ኦርጋን ከሆነ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የምንኖረው የት እንደሆነ አንርሳ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የጎረቤቶቻችን ወረዳዎች ስም ናቸው። አንድ ክራርና አንድ ማሲንቆ ይበቃል፤ ክራር በእንጨት፣ በቆዳና በጅማት እዚሁ ይሠራል። ልጁ ስለ ባቲ ቅኝት ከመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት ሰፈር ውስጥ ክራር የሚመታ አባት ይጋበዝለት።

የልጄ መምህር ራሱ ልጄን በክፍያ ላስጠናው ይላል። ልስማማ?

ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ አትስማሙ። የራሱን ተማሪ በክፍያ የሚያስጠና መምህር ፈተናውን የሚያወጣውም እሱ ነው። ጨዋ መምህር ቢሆን እንኳ ያልከፈለው ልጅ ይጠረጥረዋል፤ የከፈለውም ሌላ ነገር ይጠብቃል። በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ የሚሰጡት ማጠናከሪያ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። አስጠኚ ግድ ከሆነ ከሌላ ትምህርት ቤት ይሁን፤ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ ይሁን።

ቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ ግን ሁልጊዜ ተቆልፏል። ለምን?

ይህ ወቀሳ ወደኔው ነው፤ ልቀበለው። ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ አንድ ናት። ምሳ ስትወጣ ይዘጋል፤ ልጆቹ ጊዜ የሚያገኙት ደግሞ በምሳ ሰዓት ነው። በፈረቃ በሚማር ትምህርት ቤት የጠዋቱ ፈረቃ ልጅ ከሰዓት ገብቶ ማንበብ፣ የከሰዓቱም ጠዋት መምጣት መቻል አለበት፤ ጥበቃው «ፈረቃህ አይደለም» ብሎ በር ላይ የሚመልሰው ከሆነ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ምሳዬን 5 ሰዓት ተኩል ላይ መብላት ከጀመርኩ በኋላ በምሳ ሰዓት ወንበር መጥፋት ጀመረ።

ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። መጽሐፍ ሲጠፋ ከሠራተኛዋ ላይ ይጠየቃል፤ የንብረት ማውጫ ቅጽ በሆነው በሞዴል 22 ፈርማ ተረክባዋለችና። ስለዚህ ጥሩ ጥሩው መጽሐፍ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ማንም የማያነበው ነው። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ክረምት በኋላ ቁምሳጥኑን ስከፍት የደሴ እርጥበት ገብቶ፣ ከግድግዳው ጋር የተጠጉት መጻሕፍት ጀርባቸው አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ አገኘሁ። በቤተ መጻሕፍት ምደባ ቁጥር 963 ሥር ያሉትን የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ገጽ በገጽ እየገለጥኩ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሳስመታ ሰነበትኩ። ሌባ ያልነካቸውን ቁልፉ አበላሻቸው። አሁን ቁምሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቋል፤ ቁልፍም የለውም።

ልጄ የተዋሰውን መጽሐፍ ጣለ። ስንት እንቀጣለን?

ተመሳሳዩን መጽሐፍ ገዝቶ መተካት የተለመደው ነው። ገበያ ላይ ከጠፋ በዋጋው ወይም በሌላ ተቀራራቢ መጽሐፍ ተስማሙ። እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ፤ እኔ አልደግፍም፤ እጥፍ ቅጣት የሚያስተምረው ድጋሚ አለመዋስን ነው። መጽሐፉ ከመጥፋቱ በፊት የጀርባ ሽፋኑ ውስጥ ያለውን ካርድ ተመልከቱ። የመመለሻው ቀን እዚያ ተጽፏል። የጠፋ ከሆነም በዚያው ሳምንት ንገሩን፤ ዓመቱ ሲያልቅ አይደለም።

የመማሪያ መጽሐፉስ የኛ ነው?

አይደለም፤ በውሰት ነው፤ ሰኔ ላይ ይመለሳል። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተለወጠ ወዲህ መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ ያልደረሰበት ክፍል ብዙ ነው፤ አንዱን ለሁለት ለሦስት ይካፈላሉ፤ አንዳንዱም በስልክ ያነባል። የተሰጣችሁን በካኪ ወረቀት ሸፍኑት፤ በእስክሪብቶ አትጻፉበት፤ የመልመጃውን መልስ በተለይ አትሙሉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚረከበው ልጅ መልሱን ተሞልቶ ካገኘው መልመጃው ለሱ ምንም አይጠቅመውም።

በጦርነቱ ጊዜ የወጣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ቤታችን ተገኘ። ብንመልስ እንጠየቃለን?

አትጠየቁም። በ2014 ዓ.ም. በዚያ ግርግር መጽሐፍ በየመንገዱ ተበትኖ፣ ለሱቅ መጠቅለያም ሲሆን አይተናል። አንሥታችሁ ያስቀመጣችሁት እናንተ አዳናችሁት። የውሰት መዝገብ የጠፋበት ትምህርት ቤት ስላለ የማን እንደሆነ በማኅተሙ ለዩት፤ ማኅተሙ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ገጽና መሃል ላይ በተመረጠ አንድ ገጽ ላይ ይገኛል። ማኅተሙ ካልተነበበ ቅርባችሁ ላለው ትምህርት ቤት ስጡት። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት በነጠላቸው ጠቅልለው ሁለት የሒሳብ መጽሐፍና ሽፋን የሌለው አትላስ አመጡልኝ። አትላሱ ውስጥ የአንድ ልጅ የ2012 ዓ.ም. የውሰት ካርድ ነበረ። ቅጣቱን ጠየቁኝ። የምሳ ሰዓት ስለነበረ አትላሱን እዚያው አንድ ልጅ ተቀብሎኝ ተቀመጠ።